ውሃ ጠጥቷል ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም
የውሻ ንክሻ፣ የእንስሳት ሐኪም ምክርና ማስረጃ የሌላቸው “ምርመራዎች”



አንድ ቀን የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ከመስጂድ ሲመለስ፣ ከአምባሰል በኩል የመጡ አንዲት እናት የ7 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሐይቅ ከተማ እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ። የልጁ እጅ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። “ልጄ፣ ለቁስል የሚቀባ ስጪኝ፤ የጎረቤት ውሻ ነክሶት ነው” አሉኝ። መቼ እንደተነከሰ ብጠይቃቸው ሦስተኛ ቀኑ መሆኑን ነገሩኝ። “ታዲያ ጤና ጣቢያ አልወሰዱትም እናቴ?” አልኳቸው።

“ምን ያደርጋል ብለሽ! ውሻው እኮ ተመርምሯል። ገበያ ላይ የከብት መድኃኒት የሚሸጠው ሰውዬ ውሃ አቀረበለት፤ ውሻውም ጠጣ። ደግሞ ከጆሮው ደም ቀድቶ ጠብታ ነገር ጨመረበትና ‘ደሙ ንጹህ ነው፣ አላበደም’ አለን። ብርም ከፍለንበታል” ሲሉ መለሱልኝ።

ቅባቱን ሸጬ ልሸኛቸው እችል ነበር። እሳቸውም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ግን አላስቻለኝም። የልጁን እጅ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ደጋግሜ ካጠብኩ በኋላ በዚያው ምሽት ወደ ሆስፒታል እንዲሄዱ ለመንኳቸው። እሳቸውም እያጉረመረሙ ሄዱ። ለልጁ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ሴረም ተሰጠው፤ ክትባቱም ተጀመረለት። በማግስቱ ነገሩ ለመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ተነገረ። ሐኪሙም ውሻው በዝግ ቦታ እንዲታሰር፣ ማንም እንዳይቀርበውና በየቀኑ እንዲታይ አዘዘ። ልጁ በተነከሰ በ5ኛው ቀን የውሻው የታች መንጋጋ ተንጠለጠለ፣ ለሀጩ ይዝረበረብ ጀመር፣ የኋላ እግሮቹም ከዱት። በ7ኛው ቀን ሞተ። ጭንቅላቱ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ በእብድ ውሻ በሽታ መሞቱ ተረጋገጠ።

ውሃ የጠጣውም፣ “ደሙ ንጹህ ነው” የተባለለትም ይኸው ውሻ ነበር። ልጁ ክትባቱን ጨርሶ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቁርአን ቤት ይቀራል። በዚህ ወር አምዳችን የዚህን ጉዳይ ነገር በዝርዝር እንመለከታለን።

በሽታው በሰውነት ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ለሀጭ ውስጥ ይገኛል። እንስሳው ሲነክስ፣ ሲቧጭር ወይም የተላጠ ቆዳን፣ ዓይንንና አፍን ሲልስ ወደ ሰው ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሰው ላይ ከሚደርሰው በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ባበደ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ይህ ቫይረስ ከብዙዎቹ ተሕዋስያን የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። እንደ ወባ በደም ውስጥ አይዞርም። ከተነከሰው ቦታ በነርቭ ክሮች ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ ህብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ይጓዛል። ለዚህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል፤ ሆኖም ከ1 ሳምንት እስከ 1 ዓመት ሊለያይ ይችላል። ፊት፣ ጭንቅላትና አንገት ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ አጭር ስለሆነ ጊዜውም ያጥራል። ልጆች ቁመታቸው አጭር በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት ደግሞ እዚሁ ላይ ነው።

አንጎል ከደረሰ በኋላ ቫይረሱ ተመልሶ በነርቭ በኩል ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው እንስሳው በንክሻ ማስተላለፍ የሚችለው። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ማለትም ንፋስና ውሃ ማስፈራት፣ መቃዠትና ጉሮሮ መያዝ ከጀመረ፣ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ በሽታው ያለ ጥርጥር ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በወቅቱና በትክክል በሚሰጥ ክትባት መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ጉዳዩ ሁሉ የሚወሰነው ሰውዬው ጤነኛ መስሎ በሚታይባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው። የተሳሳተ “ምርመራ” የሚገድለውም እነዚህን ቀናት ስለሚያስባክን ነው።

የውሃው ፈተና

“ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል፤ ከጠጣ አላበደም” የሚለው አባባል በየቤቱ አለ። ስህተቱ የመጣው የሰውን ምልክት ለውሻ ከመስጠት ነው። በዚህ በሽታ የታመመ ሰው ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው በኃይል ስለሚኮማተር ይሸሻል። ውሻ ግን እንዲህ ዓይነት የውሃ ፍርሃት አያሳይም። ያበደ ውሻ ውሃ ሊጠጣ፣ ወንዝ ሊሻገር ይችላል። መንጋጋው ሽባ ሲሆን መዋጥ ያቅተው ይሆናል፤ ይህ ግን መጨረሻው ላይ ነው።

“ያበደ ውሻ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ ዝምተኛ ከሆነ አላበደም” የሚለውም እንዲሁ ነው። በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንዱ የሚቅበዘበዝና የሚነክስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጥግ ይዞ የሚተኛ፣ መንጋጋው የሚወድቅ፣ እግሩ የሚሰንፍ ዝምተኛ መልክ ነው። ብዙ ሰው “አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ይሆናል” ብሎ አፉ ውስጥ እጁን የሚያስገባው በዚህ ጊዜ ነው። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቡችላም ከበሽታው ነጻ አይደለም፤ ታሞ ያስተላልፋል።

እንዲህ ያሉ ፈተናዎች በእኛ አገር ብቻ የታዩ አይደሉም። በጥንቱ የግሪክና የዐረብ የህክምና መጻሕፍት ውስጥ፣ የተወቀጠ ለውዝ ቁስሉ ላይ አሳድሮ ለዶሮ መስጠትና ዶሮዋ ብትሞት ነካሹ አብዶ ነበር ብሎ መፍረድ ተጽፎ ይገኛል። እነዚያ ሊቃውንት በዘመናቸው ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም፤ ያላቸውን ይዘው መርምረዋል፤ ምንዳቸው አላህ ዘንድ ነው። እኛ ግን ዛሬ የተሻለ ነገር እያለን ወደዚያ የምንመለስበት ምክንያት የለንም።

የደም ጠብታው ለምን አያውቅም?

ከላይ እንደገለጽነው ቫይረሱ የሚጓዘው በነርቭ እንጂ በደም አይደለም። የሰውነት መከላከያ (አንቲቦዲ) ደግሞ ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ የሚታየው ዘግይቶ፣ ምልክቱ ከመጣ በኋላ ነው። በመሆኑም እያበደ ያለ ውሻ ደም በላቦራቶሪ እንኳን ቢታይ “ንጹህ” ሊመስል ይችላል። በሕይወት ያለን ውሻ ደም አይቶ “ይህ ውሻ አላበደም” ብሎ ማረጋገጥ የሚያስችል ተቀባይነት ያለው ምርመራ በዓለም ላይ የለም። ገበያ መሃል በጠብታ የሚሠራ ቀርቶ፣ በትልቅ ላቦራቶሪም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ውሻ ከአገር ወደ አገር ሲወሰድ የደም ምርመራ ይጠየቃል። ይህ ምርመራ የሚለካው ውሻው የተከተበው ክትባት በቂ መከላከያ መፍጠሩን እንጂ መታመም አለመታመሙን አይደለም። እንደዚሁም እንደ ወባና እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያሉ ፈጣን የሬቢስ መመርመሪያዎች ተሠርተዋል። ሆኖም ጥራታቸው እንደ አምራቹ ስለሚለያይ፣ “የለበትም” ያሉትን ተቀብሎ የተነከሰን ሰው ክትባት መከልከል አይገባም።

ሀብታም አገሮችም ከዚህ ዓይነት ነገር አላመለጡም። የውሻን ፀጉርና ምራቅ በፖስታ ላኩልን፣ አለርጂውን እንነግራችኋለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ከታመሙና ከጤነኛ ውሾች ፀጉርና ምራቅ ጋር ሰው ሠራሽ ፀጉርና ምራቅ ያልሆነ ፈሳሽ ቀላቅለው ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ የታመመውን ከጤነኛው፣ የእውነተኛውን ውሻ ከሰው ሠራሹ ፀጉር የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ከዚህ የምንማረው፣ ሁልጊዜ መልስ የሚሰጥ ምርመራ ሁሉ እውነት ይናገራል ማለት እንዳልሆነ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ምርመራ ምንድን ነው?

ትክክለኛው ምርመራ የሚደረገው ውሻው ከሞተ በኋላ፣ በአንጎሉ ላይ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም አዴልኪ ኔግሪ እ.ኤ.አ በ1903 በታመሙ እንስሳት አንጎል ሴሎች ውስጥ ልዩ ምልክት ማግኘቱን አሳወቀ። በአጋጣሚ በታሪክ የተመዘገበው የአዲስ አበባ የእብድ ውሻ ወረርሽኝም የተከሰተው በዚሁ ዓመት ነበር። የኔግሪ ዘዴ ግን አንዳንድ ሕመምተኛ እንስሳትን ያሳልፍ ነበር። ከ1958 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የተሻለ ዘዴ መጣ። በቀጭኑ የተቀባ የአንጎል ናሙና ላይ ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ ይጨመራል። ቫይረሱ ካለ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በአገራችን ይህ ምርመራ ከሚሠራባቸው ቦታዎች ዋነኛው አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ስለዚህ ተጠርጣሪውን ውሻ መግደል ግድ ቢሆን እንኳ ጭንቅላቱን በድንጋይና በጥይት ማፍረስ ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ጭንቅላቱንም ጓንት ሳያደርግና ሳይከተብ ማንም እንዳይቆርጥ፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ሬሳውን ሐይቅ ዳርና ሜዳ ላይ መጣልም አይገባም፤ ባለሙያው እንዳዘዘው በጥልቅ መቀበር አለበት።

የ10 ቀኑ ምስጢር

የእንስሳት ሐኪሙ “ግደሉት” ሳይል “10 ቀን አስራችሁ አቆዩት” ሲል አንዳንድ ሰው እንደ ቸልተኝነት ይቆጥረዋል። ነገሩ ግን ትልቅ እውቀት አለበት። ቫይረሱ ወደ ለሀጭ የሚደርሰው አንጎልን ከያዘ በኋላ ስለሆነ፣ ለሀጩ ሲመረዝ ውሻው ራሱም ሊታመም ጥቂት ቀናት ነው የሚቀሩት። ምልክቱ ከታየ በኋላም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ሙሉ በሕይወትና በጤና የቆየ ውሻ፣ በነከሰበት ሰዓት ለሀጩ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ምርመራ ብር አይጠይቅም፤ ገመድ፣ ትዕግሥትና እውነተኛ ዓይን ብቻ ይበቃዋል። ደንቡ የሚሠራው ለውሻና ለድመት ነው፤ ለጅብ፣ ለቀበሮና ለሌላ አውሬ አይሠራም።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ውሻው እየታየ ሳለ የሰውየው ክትባት አይዘገይም። ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል፤ ውሻው 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ ሐኪሙ ያቋርጠዋል። ሁለተኛ፣ ውሻው ጠፍቶ ከሄደ ወይም የማን እንደሆነ ካልታወቀ እንዳበደ ተቆጥሮ ክትባቱ ይጨረሳል።

“መድኃኒተኛው አድኖኛል” የሚለው ነገር

ብዙ ሰዎች “እኔ ተነክሼ ሥር ጠጥቼ ድኛለሁ” ይላሉ። ውሸት እየተናገሩ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። አንደኛ፣ ከሚነክሱ ውሾች ብዙዎቹ ያላበዱ ናቸው። ሁለተኛ፣ በእርግጥ ባበደ ውሻ ከተነከሱና ካልታከሙ ሰዎች መካከልም የሚታመመው በግምት ከ5 አንዱ ገደማ ነው፤ ቁጥሩ እንደ ቁስሉ ቦታና ጥልቀት ይለያያል። ስለዚህ ያበደ ውሻ 10 ሰው ነክሶ ሁሉም ተራ ውሃ ቢጠጡ እንኳ 8ቱ ሊተርፉ ይችላሉ። ስምንቱ በየገበያው ምስክር ይሆናሉ። ሁለቱ ግን ከመቃብር ተነስተው አይመሰክሩም። የመድኃኒተኛው ዝና የሚገነባውም፣ የጠብታ መርማሪው “ትክክል ነበርኩ” የሚለውም በዚሁ ነው።

ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት ዕፅዋት መካከል እንዶድ አንዱ ነው። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ የምናውቀው፣ ቀንድ አውጣ የሚገድል ብርቱ ተክል ነው። ሥሩን የጠጣ ሰው በኃይል ሊያስመልሰውና ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ፅንሷን ሊያስወርዳት ይችላል። ሰዎች “መርዙ ወጣልኝ” የሚሉት ይህንኑ ማስመለስ ነው። ቫይረሱ ግን ያለው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ነርቭ ውስጥ ነው።

ታማኝ ምክርን እንዴት እንለይ?

1. ማንነቱ፦ የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ወይም የቀበሌው የእንስሳት ክሊኒክ ያውቀዋል? ነገ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ?

2. “አላውቅም” ማለት መቻሉ፦ እውነተኛ ሐኪም “ዛሬ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ 10 ቀን እንይ” ይላል። በአንድ ጠብታ እርግጠኛ የሚሆን ሰው ያስፈራል።

3. ጥያቄው፦ ውሻው ተከትቦ ያውቃል? ሌላ እንስሳ ነክሶታል? ማንን ነክሷል? ልጆች ልሷል? እነዚህን ሳይጠይቅ የሚፈርድን አትመኑ።

4. ወደ ጤና ተቋም መላኩ፦ ስለ ውሻው ብቻ ተናግሮ ለተነከሰው ሰው “ምንም አይልህም” የሚል ሥራውን አያውቅም።

5. ቅዝቃዜው፦ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። የሰውም የውሻም የሬቢስ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ከኪስ ወይም ከፌስታል ወጥቶ የሚወጋ ክትባት ውሃ ከመውጋት አይሻልም። በረዶ ያለበት የክትባት ሳጥን ካላያችሁ “የት ነበር የተቀመጠው?” ብላችሁ ጠይቁ። የማብቂያ ቀኑንም እዩ።

6. ካርዱ፦ ውሻው ሲከተብ ቀኑ የተጻፈበት ማስረጃ ተቀበሉ።

ከተነከስን ምን እናድርግ?

1. ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ቫይረሱን የሸፈነው ቅባትነት ያለው ሽፋን በሳሙና ስለሚበጣጠስ ይህ ብቻውን ትልቅ ሕይወት አድን ሥራ ነው። ከዚያ አዮዲን ቢገኝ ይቀባል። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠልና አመድ አይደረግበትም። ውሻ ዕቃ ሲልስ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንዲታጠብ የመጣው ሐዲስ ስለ ዕቃ የተነገረ ነው። ቁስል ውስጥ አፈር ማስገባት የመንጋጋ ቆልፍን በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ስለ ልብስና ስለ ገላ ጠሃራ ጥያቄ ያለው ሰው ዑለሞችን ይጠይቅ፤ የቁስሉ ሳሙናና ውሃ ግን ጥያቄውን አይጠብቅም።

2. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ። ክትባቱ በየቦታው ላይገኝ ስለሚችል አስቀድሞ ስልክ መደወል መንገድ ይቆጥባል። በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት በደቡብ ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ “ከዚህ የለም” ከተባለ “እንግዲያ የት አለ?” ብሎ መጠየቅና ወደ ደሴ መቀጠል እንጂ ወደ ቤት መመለስ አይገባም።

3. ደም ያወጣ ንክሻ ከሆነ ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ የሚወጋው ሴረም (ኢሚውኖግሎቡሊን) ያስፈልጋል። ሴረሙ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ በር ላይ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካልተገኘ፣ ክትባቱ ከተጀመረ እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሰጥ ይችላል።

4. ቀጠሮ አለማጓደል። የድሮ ሰዎች የሚያስታውሱት ከበግ አንጎል ተዘጋጅቶ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን ነው። ዘመናዊው ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ጭን ላይ ሲሆን፣ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ከ3 እስከ 5 ቀጠሮ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ይወስዱታል።

5. የመንጋጋ ቆልፍ መርፌና አንቲባዮቲክ የእብድ ውሻ ክትባትን አይተኩም። “መርፌ ተወግቻለሁ” ያለ ሰው “የምን መርፌ?” ብሎ ይጠይቅ።

6. ዘግይተናል ብሎ መተው የለም። ምልክት እስካልታየ ድረስ ወር ያለፈውም ቢሆን ይከተባል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻችን ሲነከሱ የሚደብቁን ቁጣና ጅራፍ ፈርተው ነው። “ውሻ ቢነክስህ ወይም ቢቧጭርህ ወዲያው ንገረኝ፤ አልመታህም” ብሎ አስቀድሞ መናገር ከመድኃኒት ያልተናነሰ ነው። የቁርአን ቤት ኡስታዞችም ይህን አንድ ቀን ቢያስተምሩ ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

ስለ ወተትና ሥጋ

ላም፣ ፍየልና አህያም ሲነከሱ ያብዳሉ። ላሟ መዋጥ ካቃታት፣ ለሀጯ ከተዝረበረበ፣ ድምፅዋ ከጎረነነና ከወትሮው በተለየ ከጮኸች እጅ አፏ ውስጥ አይግባ። የተጠረጠረች እንስሳ ወተቷ አይጠጣም፤ “ሳትሞት እንረዳት” ተብሎም ለሥጋ አትታረድ። ትልቁ አደጋ ያለው ለሀጭ፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር በሚነካው አራጅና ገፋፊ ላይ ነው። ማፍላትና ማብሰል ቫይረሱን ይገድላል፤ ስለዚህ ሳያውቅ የተፈላ ወተት የጠጣ ሰው አይሸበር፤ ቢሆንም ለጤና ባለሙያ ያሳውቅ። ቆስሎ በባዶ እጁ የነካ ግን እንደተነከሰ ሰው ይቆጠርና ይታከም።

ውሻ ያለው ሰው አደራ አለበት

ዲናችን ውሻን ለአደን፣ ለመንጋና ለእርሻ ጥበቃ መያዝ ፈቅዷል። የሠለጠነ ውሻ ያደነው ሥጋ በሱረቱል ማኢዳ ተጠቅሷል፤ በሱረቱል ከህፍም ከወጣቶቹ ጋር የነበረው ውሻ ተወስቷል። የተጠማን ውሻ ያጠጣ ሰው አላህ ወንጀሉን እንደማረለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ስለዚህ ውሻን ለጥበቃ መያዝ ከተፈቀደልን እሱን ማስከተብም ከአደራው አንዱ ነው። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግረው ቀንም ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። በጅምላ መግደል ግን ሲያጠፋው አልታየም። ጉዳቱ ለዱር እንስሳትም ይተርፋል፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ በ2003 የተነሳው ወረርሽኝ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኙትን ቀይ ቀበሮዎች በብዛት ፈጅቷል።

“ሁሉም የአላህ ውሳኔ ነው” ብሎ መተውም ተወኩል አይደለም። በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውየውን መጀመሪያ ግመሉን እንዲያስር፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። ህክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም በአቡ ዳውድ፣ በነሳኢና በኢብን ማጀህ ተዘግቧል። ይህ ለገበያው መርማሪ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መድኃኒት ቤት ለቆምነው ለእኛም ጭምር። ረመዷን ላይ የተነከሰ ሰውም አይዘግይ፤ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1997 ምግብነት የሌለው የጡንቻና የቆዳ መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል።

እኚያ እናት ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። የመጡት ለሌላ መድኃኒት ነበር። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ “ልጄ፣ ለዚያ ሰውዬ የከፈልኩት ብር አይቆጨኝም፤ ሊቆጨኝ የነበረው ሌላ ነበር” አሉኝና ዱዓ አድርገውልኝ ሄዱ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሚያውቁትን ጠይቀው ከሚሠሩት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።